ቻይንኛ ረስቻለሁ ብሎ የፈረመው ይመር

የይመርን ሞት የሰማሁት አፌን ከፍቼ ነው። ሰመራ ላይ የጥርስ ክሊኒክ ወንበር ላይ ተንጋልዬ፣ ድዴ በመርፌ ደንዝዞ፣ ጉንጬ በጥጥ ተወጥሮ ሳለ፣ የአሳይታ ልጅ የሆነው ሐኪም መንቀያውን ከአፌ ሳያወጣ «ጋሼ፣ እኚያ ቻይንኛ የሚያውቁት ሽማግሌ አረፉ እኮ። ትናንት አሳይታ ቀበርናቸው። ያውቋቸው ነበር?» አለኝ። ማወቅስ አውቀው ነበር። ግን ጥጥ የጎረሰ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? «እምም» አልኩ። ሐኪሙ አላውቅም ያልኩ መስሎት «ትልቅ ሰው ነበሩ ይላሉ» ብሎ መንጋጋዬን ነቅሎ ሳህን ላይ ጣለው። ዝም ማለት ላይ ድሮም ጎበዝ ነኝ፤ ብዙም አልከበደኝም።

በዛሬዋ ሰመራ ቻይንኛ ማወቅ ብርቅ አይደለም። ጎረምሳው ስድስት ወር ተምሮ መሐንዲሱን ከሹፌሩ ያግባባል፣ የፀሐይ መነጽር ይገዛል፣ ቤት ይከራያል። ይመር ግን አርባ ዓመት ቀድሞ ተማረው። በእኛ አገር ቀድሞ መማር ከማርፈድ የባሰ ጥፋት ነው። ያረፈደ ይወቀሳል፤ የቀደመ ይታሰራል።

እኔና እሱ የአዋሽ ሰባት ልጆች ነን። የእኔ አባት ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። የእሱ አባት ጋሽ እንድሪስ ከወሎ፣ ከባቲ ወርደው ጣቢያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት የከፈቱ ሰው ናቸው። ባቡሩ አዋሽ ሲቆም ከተሳፋሪው ጋር ቋንቋ አብሮ ይወርዳል፤ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አረብኛ፣ የጅቡቲዎች ፈረንሳይኛ። ይመር ባቡሩ ሲያፏጭ ትሪውን ይዞ ይወጣና ለእያንዳንዱ መስኮት በየቋንቋው ሻይ ይሸጣል። ቃል ሲጠፋው የፊት ጥርሱን በጥፍሩ ኳ ኳ ያደርጋል። ሁለቴ ካንኳኳ ቃሉ ይመጣለታል። «ቋንቋ እንግዳ ነው፤ ተነስተህ ካልተቀበልከው ደጅ ደርሶ ይመለሳል» ይል ነበር። እኔ እንግዳ አልወድም።

አብዮቱ ገና ትኩስ ሳለ፣ ከዘመቻ በተመለስን ማግስት፣ ቻይናዎች መንገድ ሊሠሩልን ነው፣ አስተርጓሚ ያስፈልጋል ተባለና ኮሚቴ መጣ። ከአዋሽ ሁለት ልጅ ይመረጥ ተባለ። ይመር የተመረጠው በችሎታው ነው። እኔ የተመረጥኩት ከኮሚቴው አንደኛው የአባቴ አበልጅ ስለነበር ነው። አብዮቱ አበልጅነትን ገና አልወረሰውም ነበር።

ፔኪንግ ስንደርስ ከከተማው ወጣ ያለ ተቋም ውስጥ አስገቡን። ትምህርቱ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው። የቤት ቋንቋ በር ላይ ይቀራል። ከበሩ ወዲህ መብላትም፣ መታመምም፣ መጣላትም በቻይንኛ ነው። እኔንና ይመርን አንድ ላይ እንዳንተኛ ለያዩን፤ ለእያንዳንዳችን ቻይናዊ ጓደኛ አስቀመጡልን። በአገሩ ቋንቋ ሲናገር የተሰማ ተማሪ ግቢውን ይጠርጋል። ጠዋት በድምፅ ማጉያ ይቀሰቅሱናል፤ ብርዱ ጆሮ እየላጠ ግቢው ውስጥ ቆመን ምንባብ እየጮኽን እናነባለን። ፊደላቸው እንደ እኛ ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ እያሉ የሚዘልቁት አይደለም፤ እያንዳንዱ ቃል ራሱን የቻለ ግርግር ነው። ይመር ቃሉን ሁሉ በትንንሽ ወረቀት እየጻፈ አልጋው ላይ፣ ማንኪያው ላይ፣ መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። አንድ ቀን ሳላውቅ ጀርባዬ ላይ «ጓደኛ» የሚል ለጥፎብኝ፣ ምግብ ቤቱ ውስጥ ስዞር የኮሪያውም የየመኑም ተማሪ ሰላም ሲለኝ ዋለ።

እኔ ሕጉን ማታለል ነበር የምፈልገው። መጸዳጃ ቤት ድረስ እየተከተልኩት «ይመር፣ በናትህ አንድ ቃል አማርኛ!» እለዋለሁ። እሱ በቻይንኛ «አልገባኝም» ብሎኝ እጁን ይታጠባል። ጠባቂው ግን ይገባዋል፤ ተይዤ መጥረጊያ ይሰጠኛል። የዚያን ተቋም ግቢ ድንጋይ በድንጋይ አውቀዋለሁ። ይመር አንዴ ብቻ ነው የተከሰሰው፤ ከምግብ ቤቱ ሙስሊም አብሳይ ጋር «አሰላሙ አለይኩም» ሲባባሉ ተሰሙ። ጉዳዩ ለስብሰባ ቀርቦ፣ መምህራኑ ግማሽ ቀን ተከራክረው፣ ሰላምታው የማንም የቤት ቋንቋ አይደለም ብለው ወሰኑ። የእኔ «እግዜር ይስጥልኝ» ግን ውድቅ ተደረገብኝ፤ ጠረግሁ።

አባቴ የሞተ ጊዜ ደብዳቤው በሁለት ወሩ ደረሰኝ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ ይመር ገባ። ደብዳቤውን ከእጄ ወስዶ አነበበና አጠገቤ ተቀመጠ። አሁንስ በአማርኛ ያናግረኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጥርሱን አንኳኳ። ያኔ ከሕፃን የማይበልጥ ቻይንኛ ነበረን፤ እሱኑ እየለቃቀመ «አባትህ። ጥሩ ሰው። ሐዲድ ሠራ። እኔ አለሁ» አለኝ፣ በቻይንኛ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። በአማርኛ ረግሜ አባረርኩት፤ ጠባቂው ሰምቶ መጥረጊያ ይዞ መጣ። መጥረጊያውን የተቀበለው ይመር ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ በእኔ ፈንታ ጠረገ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው በአማርኛ አጽናንቶኛል። ያሉኝን አንዱንም አላስታውስም።

ቀጥሎ ሁለት ወር ገጠር ሰደዱን፤ እኔ አንድ ቤት፣ እሱ ሌላ ቤት፣ ጎመን ስንለቅም። ይመር ቤቷ ያረፈባት አሮጊት ባሏ የሞተባትና ከጎረቤቷ የተጣላች ናት። ስንመለስ እንደሰማነው የድንበር ጠባቸውን ያስታረቀው ይመር ነው። ከወሎ ቤተሰብ የመጣ ሰው ሽምግልና መቼ ይለቃል! እኔ ከዚያ ገጠር ያተረፍኩት የወገብ ሕመም ነው። ግን ሳልወድም ቢሆን ማንበቡ ገብቶኝ ነበር፤ ይህን እዚህ ላይ ልናገረው፣ ኋላ ያስፈልጋል። በመጨረሻው ፈተና ይመር አንደኛ፣ እኔ ሦስተኛ ወጣን።

ስንሄድ ወንድም የነበረው ሕዝብ ስንመለስ ጠላት ሆኖ ጠበቀን። አብዮቱ ወዳጅ ቀይሯል። አየር ማረፊያው ላይ የተቀበለን ሰው ሻንጣችንን ሲፈትሽ መዝገበ ቃላታችንን እንደ ቦምብ በሁለት ጣቱ አነሣው። መንገዱም ቀረ፤ አስተርጓሚነቱም ቀረ። አዲስ አበባ አንድ ቢሮ ውስጥ ሦስት ቀን አስቀመጡንና በመጨረሻ አንድ የተተየበ ወረቀት ሰጡን። «ከበራዦችና ከአድሃሪዎች የቀሰምኩትን ቋንቋ ትቻለሁ፤ መናገርም ማንበብም ረስቻለሁ» ይላል። ከታች ስም፣ ፊርማ፣ ቀን።

ይመር ወረቀቱን ሁለቴ አነበበና «ጓድ፣ ከዛሬ ጀምሮ ነው የምረሳው ወይስ ቀድሜ ረስቼ መቅረብ ነበረብኝ?» አለ።

«ፈርም» አለው ሰውየው።

«‹አመሰግናለሁ›ንም ጭምር?»

«እሱንም!»

ፈረምን። እኔ በደስታ ነው የፈረምኩት፤ አንድ ዓመት ሙሉ የተቀጣሁበትን ነገር መንግሥት በአንድ ፊርማ ሲያነሣልኝ ለምን አልፈርም?

ከዚያ ሁለታችንንም ዱብቲ፣ ጥጥ እርሻው ላይ መደቡን። እኔ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆንኩ። ይመር ግን ከአዲስ አበባ «አስተርጓሚ» ተብሎ ስለተጻፈ መደቡን የሚለውጥለት ጠፋ። ቋንቋ የሌለው አስተርጓሚ ሆኖ በየወሩ ይፈርማል። ካድሬያችን ጓድ ፈለቀ አንድ ቀን «ምንድን ነው የምታስተረጉመው?» ቢለው «ዝምታ ነው ጓድ» አለው። ጓድ ፈለቀ ቀልድ አይገባውም፤ መዝገቡ ላይ ጻፈው።

ይመር ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልቻለም። እርሻው የአዋሽን ዳር አጥሮ ከያዘ ወዲህ የአፋር ከብት ውሃ ዳር መውረድ ተከልክሏል፤ በየቀኑ ጠብ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ ደግሞ አፋርኛ የሚሰማ የለም። ይመር አባ ሁመድ የሚባሉ የጎሳ ሽማግሌ ዘንድ ሄደና አብሬያችሁ ልኑር አላቸው። ሕጉን ከፔኪንግ አምጥቶታል፤ አማርኛ ከሰሌኑ ጎጆ ደጃፍ ይቀራል። አማርኛ ካመለጠው ደግሞ የፍየሎቹን በረት ራሱ ይጠርጋል። አፋሮቹ የመጀመሪያ ሰሞን በሳቅ ሞቱ፤ ራሱን የሚቀጣ ደገኛ አይተው አያውቁም። ጓድ ፈለቀ ለበላይ አካል «አንድ ጓድ አርብቶ አደሩን ለማንቃት ዘምቷል» ብሎ ጻፈ። ይመር በስምንት ወሩ የነቃ አፋር ሆኖ ተመለሰ፤ ቁመናው፣ አቀማመጡ፣ ጥርስ መፋቂያው ሳይቀር።

ከሁሉ በላይ የተማረው ዳጉን ነው። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቁጭ ብለው፣ አንዱ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ለሌላው ይናገራል፤ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ከማን እንደተጣላ። ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ሰማሁ ብለህ ነው የምትናገረው። መጨመርም መደበቅም ነውር ነው፤ አንዴ ዋሽቶ የተገኘ ሰው ከዚያ ወዲያ ሰው አይሆንም። ይመር ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ ያበራል። «ተሾመ፣ ወላሂ፣ እኛ ስብሰባ እንዋሻለን፣ መዝገብ እንዋሻለን፣ እነሱ ግን ጥላ ሥር ቁጭ ብለው እውነት ይለዋወጣሉ!» ይለኛል። እኔም «ደመወዝ ይከፈላቸዋል?» እለዋለሁ።

ድርቁ የመጣ ዓመት ነገሩ ሁሉ ደረሰ። ዛሬ ሰመራ የቆመችበት ሜዳ ያኔ ጥቁር ድንጋይና ንፋስ ብቻ ነበር። የእነ አባ ሁመድ ጎሳ እዚያ ሰፍሯል፤ ወንዙ ታጥሯል፣ ዝናብ የለም። መጀመሪያ በጎች አለቁ፣ ቀጥሎ ላሞች፣ ከዚያ ሕፃናት መታመም ጀመሩ። የበላይ አካል ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ጥልቅ ነው፣ ውሃም ተገኘ። የሚያወጣው ፓምፕ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ቻይናዎች ወዳጅ ሳሉ የላኩት፣ እኔ ግምጃ ቤት ውስጥ ሳይከፈት አቧራ የጠጣ ሣጥን። ከአዲስ አበባ አስተርጓሚ ተጠየቀ። በአገሪቱ ቻይንኛ የሚያውቅ ሰው የለም የሚል መልስ መጣ። እውነታቸውን ነው፤ ሁላችንንም አስፈርመውናል።

ሣጥኑን ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው ቧንቧ ጫፍ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ነገር አለ። «ከመትከልህ በፊት ውስጡ ያለውን መድፈኛ አውጣ» ይላል። ለጉዞ ብለው፣ አቧራ እንዳይገባበት፣ ከውስጥ በእንጨትና በሰም ደፍነውታል። ቁልጭ ብሎ ተነበበኝ። እኔም እስክሪብቶዬን አውጥቼ የወጪ ደረሰኙ ላይ «ፓምፕ፣ አንድ፤ የማይታወቅ ጽሑፍ ያለበት» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ይመር በዚያ ሰሞን የአባቱን ሕመም ሰምቶ አዋሽ ሄዷል። መካኒኩ ቧንቧውን ከነመድፈኛው አወረደው። ሞተሩ ያጓራል፣ ውሃ የለም። አወጣው፣ ሞተሩን ፈታው፣ ገጠመው፣ አወረደው። ያጓራል፣ ውሃ የለም። ጓድ ፈለቀ «አሻጥር ነው!» ይላል። ሴቶቹ ባዶ ስልቻቸውን ይዘው ከጠዋት ጀምሮ ይቀመጣሉ፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ይነሣሉ። በየቀኑ ሄጄ አያለሁ። በየቀኑ ነገ እናገራለሁ እላለሁ። ሚስቴ ሴት ልጅ ከወለደች ገና ወሯ ነበር፤ «የፈረምክ ሰው ነህ፣ ልጅህን ያለ አባት እንዳታስቀራት» ትለኛለች። ሰበብ ስፈልግ ሚስቴ ሰጠችኝ ማለት ነው። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ሁለት ሕፃናት ሞቱ። ይህን በአሽሙር የምናገርበት መንገድ ፈልጌ አጥቻለሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ይመር በጭነት መኪና ተጭኖ መጣ። በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ነው የመጣው። ቧንቧው ለስንተኛ ጊዜ ወጥቶ መሬት ላይ ተጋድሟል። በአጠገቡ ሲያልፍ ቀዩን ጽሑፍ አየው። ቆመ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ረጅም ጊዜ አይደለም፤ ግን ጥርሱን አላንኳኳም፤ የጠፋው ቃል አልነበረም። እኔ ጫማዬን አየሁ።

 ወደ አባ ሁመድ ሄደ፤ ተጨባብጠው፣ ከግራሯ ሥር ቁጭ ብለው ዳጉ ያዙ። እኔ ከሃያ እርምጃ ቆሜ አያለሁ፤ አፋርኛ ደግሞ አንድ ቃል አልሰማም። አባ ሁመድ ይጠይቃሉ፣ ይመር ይመልሳል። አንዴ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ አባ ሁመድ ለረጅም ጊዜ መሬቱን በብትራቸው ሲጭሩ ቆዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ይመር ተነሥቶ መጣ። ቧንቧው ፊት ቀጥ ብሎ ቆመና፣ ልክ ፔኪንግ ግቢ ውስጥ ጠዋት እንደምንጮኸው፣ ቀዩን ጽሑፍ በቻይንኛ ጮክ ብሎ አነበበው። መካኒኩ መፍቻው ከእጁ ወደቀ። ቀጥሎ በአማርኛ «ውስጡ መድፈኛ አለ ይላል። አውጡት» አለ። በመዶሻና በብረት ዘንግ ገፍተው አወጡት፤ የክንድ ያህል እንጨት ነው። ቧንቧው ወረደ፣ ሞተሩ አጓራ፣ መጀመሪያ ጭቃ፣ ቀጥሎ ውሃ መጣ። ሴቶቹ እልል አላሉም፤ ስልቻቸውን ይዘው ሮጡ።

ጓድ ፈለቀ ራሱ ለትንሽ ጊዜ ደስ ብሎት እጁን ውሃው ውስጥ ነከረ። ከዚያ ካድሬ መሆኑ ትዝ አለው።

«ጓድ ይመር፣ ይህን ቋንቋ ረስተህ አልነበረም?»

«ረስቼ ነበር ጓድ።»

«ታዲያ?»

«ውሃ ጥሙ አስታወሰኝ።»

በሦስተኛው ቀን የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። የእርሻው ሠራተኛ በሙሉ መጋዘኑ ውስጥ ጥጥ ላይ ተቀመጠ። ይመር ፊት ቆሟል። ፊርማው ተነበበ። ለምን መንግሥትን እንዳታለለ ተጠየቀ። «መንግሥት ነው እርሳ ያለኝ፤ ሞክሬ አቃተኝ፤ የአቅም ማነስ ነው» አለ። ሰው ሳቁን ዋጠ። ከዚያ ጓድ ፈለቀ በአገጩ እኔን አሳይቶ ይመርን፣ «አብሮህ የተማረው ጓድ ተሾመስ? እሱም አላነበበውም ነው የምትለን?» አለው። 

ይመር አየኝና ከት ብሎ ሳቀ።

«ተሾመ? ኧረ አቦ! ተሾመ እኮ ዓመቱን ሙሉ ግቢ ሲጠርግ ነው የከረመው። ያኔም አንድ ፊደል አልያዘ! መንግሥት እሱን ማስፈረሙ ወረቀት ማባከን ነው።»

መጋዘኑ በሳቅ ተናወጠ። ጓድ ፈለቀም ሳቀ፤ በሕይወቱ የገባው ብቸኛው ቀልድ ይኸው ነው። ከዚያ ይመር እርምጃ ይወሰድበት የሚሉ እጅ ያውጡ ተባለ። ሁሉም አወጣ። እኔም አወጣሁ። ቀድሜም አላወጣሁም፣ ዘግይቼም አላወጣሁም፤ ከመካከለኞቹ ጋር ነው ያወጣሁት።

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ታሰረ። አባቱ ጋሽ እንድሪስ እሱ እስር ቤት ሳለ አዋሽ ላይ ሞቱ። ሲፈታ ሎጊያ አንድ ሻይ ቤት ተገናኘን። ከስቷል፤ ሁለት የፊት ጥርሶቹ የሉም። የት እንደሄዱ አልጠየቅኩትም። አሁን ቃል ሲጠፋው ጥፍሩ ከንፈሩን እየነካ ይመለሳል። «አብሽር፣ አብሽር» ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝና ቁጭ እንዳልን «በል ዳጉ አምጣ። ምን አየህ? ምን ሰማህ?» አለኝ።

ነገርኩት። ጥጡ ዘንድሮ ትል እንደመታው፣ ጓድ ፈለቀ ተሹሞ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር እንደሄደ፣ ልጄ መራመድ ብቻ ሳይሆን መሮጥ እንደጀመረች፣ ሁለተኛ እንደተወለደ። እሱ ሻዩን ይዞ ያዳምጣል። ስጨርስ ጠበቀ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ።

«አለቀ?» አለኝ።

«አለቀ» አልኩት።

«እሺ» አለና ወጣ። ከዚያ በኋላ ዘመኑን ሁሉ አሳይታ ኖረ፤ አፋር አገባ፣ ወለደ፣ ሰው አስታረቀ። ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ዳጉ አምጣ ብሎኝ ግን አያውቅም።

ከጥርስ ሐኪሙ በወጣሁ በማግስቱ አሳይታ ለቅሶ ሄድኩ። ጉንጬ አብጦ ስለነበር ሰው ሁሉ በለቅሶ ብዛት መስሎት አዘነልኝ። ድንኳኑ ውስጥ ምንጣፍ ላይ አባ ሁመድ ተቀምጠዋል። በሕይወት አሉ ብዬ አላሰብኩም። ዓይናቸው ፈዟል፣ ግን በድምፄ ለዩኝ። አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» በሚሉበት አማርኛቸው «ተሾመ፣ አንተ ከእሱ ጋር ሩቅ አገር ሄደሃል። ስለ እሱ ምን ታውቃለህ? ንገረን» አሉ። በዙሪያው ያሉት ወንዶች ቀረብ ቀረብ አሉ።

ስለ ፔኪንግ ጀመርኩ። ስለ መጥረጊያው፣ ስለ ጎመኑ፣ ስለ አሮጊቷ ነገርኳቸው፤ ሳቁ። ከዚያ እዚያው ላይ ላቆም ነበር። አላቆምኩም። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ አርባ ዓመት የያዝኩት ነገር ወጣ። ቀዩን ጽሑፍ በመጀመሪያው ቀን እንዳነበብኩት፣ አሥራ አንድ ቀን ዝም እንዳልኩ፣ ሁለት ሕፃናት እንደሞቱ፣ ይመር በእኔ ፈንታ እስር ቤት እንደገባ፣ እጄን እንዳወጣሁበት ተናገርኩ። ይነሡብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢነሡብኝም እውነታቸውን ነው።

ማንም አልተነሣም። አንዱ ሰውዬ ለጎረቤቱ ሻይ አቀበለ።

«እናውቃለን» አሉ አባ ሁመድ።

«ምኑን ነው የምታውቁት?»

«ሁሉን። ይመር ያን ቀን ግራሯ ሥር ነገረኝ። ‹እኛ ሁለት ነን የምናነበው› አለ። ‹ተሾመ ቀድሞ አንብቧል፤ ፈርቷል፤ አራስ ቤት ሕፃን አለችው፤ እሱን ተዉት፣ እኔ አነበዋለሁ› አለ። እኔ ለሰዎቼ ነገርኩ። እስከ ሰርዶ ሰው ሁሉ ሰማ።»

ይህን ሁሉ ዘመን ከብታቸውን ስገዛ፣ ሰርጋቸው ስጠራ፣ መንገድ ላይ ሰላም ሲሉኝ ሁሉም ያውቁ ነበር። ከሞቱት ሕፃናት የአንደኛዋ ወንድም ጎረቤቴ ነው፤ ውሃ በጠፋ ቁጥር ከእሱ ቤት ነው የምቀዳው።

«ታዲያ ለካድሬው ያልነገራችሁት፣ ለእኔስ ምንም ያላላችሁኝ ለምንድን ነው?» አልኩ።

«ካድሬው አፋርኛ አይሰማም። ለአንተ ደግሞ እንዴት እንነግርሃለን? የአንተ ዳጉ ነው፤ እስክታመጣው ስንጠብቅ ነበር» አሉ። ከዚያ የፈዘዘ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዙረው እጄን ያዙኝ።

«ያቺ ሕፃንህ ደህና ናት?»